ከሰባት ቤት ወዲያ

በአገራችን ልማድ ልጁን ለመዳር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ከሽማግሌዎች ፊት ተቀምጦ ዘር ያስቈጥራል። ቈጣሪው ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከቅድመ አያት ወደ ምንዥላት እያለ በአባት በኩል የመጣውን ሐረግ ከፈጸመ በኋላ፣ በእናት በኩል ያለውንም እንዲሁ እየመዘዘ ወደ ላይ ይወጣና፣ ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት ድረስ በአንድ ስም ላይ ያልተገናኙ እንደ ሆነ ጋብቻው ይፈቀዳል፤ የተገናኙ እንደ ሆነ ግን ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ተጥሎ ቢሆን እንኳ ነገሩ ይፈርሳል። ከሰባት ቤት ወዲያ ያለውን ስም የሚያውቅ አዛውንት ቢገኝም ለዚህ ጉዳይ የሚጠይቀው የለም፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ እንደ ባዕድ ይቈጠራልና።

በእኛ ዘመን ግን ይህን ቈጠራ ከሰባት ቤት አሳልፎ ወደ ሁለት ሺህ ቤት ግድም የሚያደርስ ሌላ ዘር ቈጣሪ ተነሥቷል፤ እርሱም ዐጥንት ነው። ዐጥንት ለብዙ ሺህ ዘመን በዋሻ አፈር ውስጥ ዝም ብሎ ከተኛ በኋላ ቢጠይቁት የሚመልስ መሆኑ በታወቀ ጊዜ፣ ከሁሉ በፊት ከተናገራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፦ ሊቃውንቱ «ሌላ ፍጥረት» ብለው ከሰው ተራ ያወጧቸው የጥንት ሕዝቦች ከብዙዎቻችን ቅድመ አያቶች ጋር ተጋብተዋል፣ ወልደዋል፣ ርስትም አውርሰዋል።

የነገሩ መነሻ በጀርመን አገር፣ ዱሰልዶርፍ ከተባለው ከተማ አጠገብ የሚገኝ ሸለቆ ነው። ሸለቆው የተሰየመው በ17ኛው መቶ ዓመት በዚያ ይመላለስ በነበረው በዮአኪም ኔአንደር ሲሆን፣ ይህ ሰው የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን መምህርና እስከ ዛሬ የሚዘመሩ መዝሙሮች ደራሲ ነበር። የቤተ ሰቡ የቀድሞ ስም ኖይማን ነበረ፤ አያቱ ግን በዘመኑ በነበረው የሊቃውንት ልማድ ስሙን ወደ ጽርእ መልሰው ኔአንደር አሉት፤ ትርጓሜው «ሐዲስ ሰው» ማለት ነው። በ1856 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) የኖራ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች በዚሁ ሸለቆ ከነበረ ዋሻ ውስጥ ጭቃ ሲያወጡ የራስ ቅል ክዳንና ወፋፍራም የእጅና የእግር ዐጥንቶች አገኙ፤ የድብ ዐጥንት መስሏቸው ከጭቃው ጋር ወርውረዋቸው ነበርና፣ ተለቅመው ለዮሐን ካርል ፉልሮት፣ ለአንድ የአካባቢው ትምህርት ቤት መምህር፣ ተሰጡ። በሐዲስ ሰው ሸለቆ አሮጌው ሰው ተገኘ።

መምህሩ ዐጥንቱ የጥንት ሰው መሆኑን ወዲያው ተረዳ፤ ከእርሱ ይልቅ ስመ ጥር የነበሩት ሐኪሞች ግን ለመቀበል ተቸገሩ። ከእነርሱ አንዱ፣ የቦን ዩኒቨርሲቲው ማየር፣ ሟቹ በ1814 ናፖሊዮንን ሲያሳድድ ከመጣው የሩሲያ ጦር የተለየ የኮሳክ ፈረሰኛ ነው፣ እግሩም የጐበጠው በልጅነት በሽታና ፈረስ በማብዛት ነው አለ፤ ታላቁ ሐኪም ፊርኾ ደግሞ ቅርጹ የመጣው ከበሽታ ነው ብሎ ፈረደ። በ1864 ዊልያም ኪንግ የተባለው፣ በአየርላንድ ያስተምር የነበረ መምህር፣ ለብቻው ስም አወጣለትና «ሆሞ ኔአንደርታሌንሲስ» አለው፤ የሰው ዘመድ ነው ግን ሰው አይደለም ማለቱ ነበር። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል፤ የዚያ ዘመን ሊቃውንትም ስለ አህያው በተጠየቁ ቍጥር ፈረሱን ይጠሩ ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ቅንድቡ የጐላውን፣ አገጩ ወደ ኋላ የሸሸውን፣ ደረቱ እንደ በርሜል የሰፋውን ይህን ሕዝብ አንዱ «አባታችን ነው» ሲል ሌላው «ባዕድ ነው፤ እኛ ስንመጣ ጠፋ» ይል ነበር፤ የዐጥንት ቅርጽ ብቻ ግን ጋብቻን አይመሰክርም። የሚመሰክረው በዐጥንቱ ውስጥ የተጻፈው ነው።

በሕያው ሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው ረጅም ክር አለ፤ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ፣ ከአንድ ወላጅ የሚገኘው ድርሻ ብቻ ሦስት ቢሊዮን ፊደል የሚያህል ጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዳችንም አንዱን ቅጂ ከአባት፣ አንዱን ከእናት ተቀብለን እንወለዳለን። ሰው በሞተ ጊዜ ይህን ጽሑፍ የሚጠብቀውና የሚጠግነው ይቀራል። ውኃው ክሩን ይበጣጥሰዋል፣ ተሐዋስያን ይበሉታል፣ ሙቀት ያፈርሰዋል፤ ከዐሥር ሺዎች ዓመታት በኋላ የሚገኘው ርዝመቱ ከአርባ ወይም ከስድሳ ፊደል የማያልፍ ብጥስጣሽ ነው፤ አይጥ የበላውና ዝናብ የመታው ብራና እንደ ማለት። በብጥስጣሹም ጫፍ ላይ «ሲ» የምትባለው ፊደል እየተበላሸች «ቲ» መስላ ትነበባለች፤ መጀመሪያ እንደ ችግር የታየው ይህ ስሕተት ውሎ አድሮ ትልቅ ጥቅም ሰጠ፤ ብራና በቀለሙ መደብዘዝ ጥንታዊነቱ እንደሚታወቅ፣ ይህ ጕዳት ያለበት ክር በእውነት የጥንት፣ የሌለበት ግን ትናንት ከነካው ሰው እጅ የተራገፈ መሆኑን መለያ ሆነ።

መለያ ማስፈለጉን ያስተማረው ውርደት ነው። በ1994 ሰማንያ ሚሊዮን ዓመት ካለፈው ዐጥንት የዲኖሰር ዲ.ኤን.ኤ. አገኘን ብለው ያወጁ ሰዎች ነበሩ፤ ጽሑፋቸው ሲመረመር ግን የተነበበው የሰው ሆኖ ተገኘ። ስቫንቴ ፔቦ የተባለው ስዊድናዊም ከዚህ ዓይነት መሰናክል አላመለጠም። ፔቦ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግብጽን ጥንታዊ ታሪክና ሕክምናን የተማረ ወጣት ነበር፤ ከደረቀ ሬሳ ላይ ዲ.ኤን.ኤ. ይገኝ እንደ ሆነ ለማወቅ የጥጃ ጉበት ገዝቶ፣ ከአስተማሪው ተደብቆ፣ በላቦራቶሪው ምድጃ ውስጥ ያደርቅ ጀመር፤ ሽታው ግን ሥራውን አጋለጠበት። ጉበቱ ውስጥ የፈለገውን ካገኘ በኋላ ወደ ግብጽ ሙሚያዎች ዞረ፤ በ1985 ከአንድ ሕፃን ሬሳ አነበብሁ ብሎ ያሳተመው ግን ከዘመናችን ሰው የተጋባ ሳይሆን እንደማይቀር ኋላ ራሱ ተቀብሏል። እኔ በዚህ ሰው ላይ የማደንቀው ከኋለኛው ክብሩ ይልቅ ይህን ነው፦ የራሱን ሥራ ራሱ ተጠራጥሯልና።

በ1997 ፔቦና ባልደረቦቹ ከዚያው ከኔአንደር ሸለቆ ሰው ክንድ ላይ ጥቂት ግራም ቈርጠው፣ ከእናት ብቻ የሚወረሰውን አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ጽሑፉ ዛሬ በሕይወት ካለ ከማንም ሰው አይገጥምም ነበርና፣ «ባዕድ ነው» ያሉት ወገኖች ፍርዱን የረቱ መሰላቸው። ነገር ግን በእናት መስመር ብቻ የሚቈጠር ዘር ከብዙ ሐረግ አንዱን ብቻ መምዘዝ ነው፤ የሴት አያትህን ስም ብቻ ይዘህ የወንድ አያትህን ርስት ማወቅ እንደማይቻል።

ስለዚህ ሙሉው ጽሑፍ እንዲነበብ ተፈለገ። በላይፕዚግ ከተማ በተሠራው የማክስ ፕላንክ ተቋም ውስጥ የዚህ ሥራ ክፍል እንዴት ያለ እንደ ሆነ ልንገርህ። ወደ ክፍሉ የሚገባው ሰው ከራስ ጠጕሩ እስከ ጫማው በነጭ ልብስ ይሸፈናል፣ አፍና አፍንጫውን ይጋርዳል፣ ጓንት በጓንት ላይ ይደርባል፤ አንድ ጊዜ ቢያስነጥስ ከዐጥንቱ የበለጠ ዲ.ኤን.ኤ. ይረጫልና። አየሩ ተጣርቶ ይገባል፤ ሠራተኛው ሲወጣም ገበታው በአልትራ ቫዮሌት ጨረር ይታጠባል። ከዚያ ሐኪም ጥርስ በሚቦረቡርበት ዓይነት መሰርሰሪያ ዐጥንቱ ይነካና በጣት ጫፍ ከሚቈነጠር ጨው የሚያንስ ዱቄት ይወሰዳል። ከዱቄቱ ውስጥ ከሚነበበው ከመቶ ዘጠና አምስት የሚበልጠው የባክቴሪያና የሻጋታ ነው፤ የሰውየው ቃል በዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል እንደሚሰማ ሹክሹክታ ነው።

በ2010 ከክሮኤሽያው የቪንዲያ ዋሻ ከተገኙ ሦስት የኔአንደርታል ዐጥንቶች የተቀዳው ጽሑፍ ታተመ። ሊቃውንቱ ይህን ከአምስት የዘመናችን ሰዎች ጽሑፍ ጋር አስተያዩት፤ አንዱ ከደቡብ አፍሪካ የሳን ሕዝብ፣ አንዱ ከምዕራብ አፍሪካ ዮሩባ፣ አንዱ ፈረንሳዊ፣ አንዱ ቻይናዊ፣ አንዱ የፓፑዋ ሰው ነበሩ። ኔአንደርታሉ ለሦስቱ ከአፍሪካ ውጭ ላሉት ከሁለቱ አፍሪካውያን ይልቅ ቀርቦ ተገኘ፤ የሚያስደንቀውም ለፈረንሳዊው፣ ለቻይናዊውና ለፓፑዋው በእኩል መቅረቡ ነው፤ በፓፑዋ ምድር ኔአንደርታል የሚባል ኖሮ አያውቅምና። ከዚህ የሚወጣው ፍች አንድ ነው፤ ጋብቻው የተፈጸመው የእነዚህ ሕዝቦች የጋራ አባቶች ከአፍሪካ ወጥተው ገና ሳይለያዩ ነው። ዛሬ የዘር ሐረጉ ከአፍሪካ ውጭ የሆነ ሰው ሁሉ ከመቶ ሁለት እጅ ግድም የዚህ ሕዝብ ርስት ይዟል።

ርስት ማለቴ ለምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ጊዜውን ለመለካት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለምና። በቀድሞው የርስት ሥርዓት ከአቅኚው አባት የወረደ ሰፊ ጋሻ መሬት በልጆች፣ በሴቱም በወንዱም፣ ሲከፈል፣ በልጅ ልጆች ሲሸነሸን፣ ገመድ በየትውልዱ ሲጣልበት በመጨረሻ ለጥማድ የማይበቃ ቍራሽ ይሆን ነበር፤ መሬቱን የለካ ሰው የቍራሹን ስፋት አይቶ ከአቅኚው ወዲህ ስንት ቤት እንዳለፈ ሊገምት ይችል ነበር። ዲ.ኤን.ኤ.ም እንዲሁ ነው። ከአንድ ወላጅ ሙሉ ሆኖ የገባው ክር ልጁ ለራሱ ልጅ ሲያወርስ ተቈርጦ ከሌላው ወላጅ ክር ጋር ይቀጣጠላል፤ በየትውልዱ ቍርጡ ያጥራል። በ2008 በሳይቤርያ፣ በኢርቲሽ ወንዝ ዳር፣ ከማሞዝ ጥርስ ጌጥ የሚቀርጽ ሰው አንድ የጭን ዐጥንት አገኘ፤ የ45,000 ዓመት ሰው ነበር። በእርሱ ውስጥ ያለው የኔአንደርታል ቍራሽ ከእኛው እጅግ የረዘመ ነው፤ አቅኚው ለእርሱ ቅርብ ነበርና። እንደዚህ ያለው ልኬት በብዙ ዐጥንት ላይ ተደጋግሞ፣ በ2024 የታተመው ሐተታ የጋብቻውን ዘመን ከ50,500 እስከ 43,500 ዓመት በፊት ድረስ አስቀምጦታል፤ የአንድ ሌሊት ድንገተኛ ነገር ሳይሆን ለብዙ ትውልድ የቈየ ጉርብትና ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቤን የሚነካው የሩማንያው ሰው ነው። በ2002 ዋሻ አሳሾች በውኃ ከተዘጋ ዋሻ ውስጥ ያወጡት ይህ የታችኛ መንጋጋ 40,000 ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ2015 ሲነበብ፣ ከርስቱ ከመቶ ከስድስት እስከ ዘጠኝ እጅ የኔአንደርታል ሆኖ፣ ክሮሞዞም ከሚባሉት የክሩ ክፍሎችም በ12ኛው ላይ ግማሽ ያህሉን የያዘ አንድ ያልተሸነሸነ ታላቅ መሬት ተገኘበት። ሒሳቡ ተሠራ፤ ኔአንደርታል የሆነው አባት ወይም እናት ከእርሱ በላይ ከአራት እስከ ስድስት ትውልድ ብቻ ነው የሚርቀው። ከአንባቢዎቼ አንዱ የጐንደር ወይም የሸዋ ሽማግሌ ቢሆን ይህን አይስተውም፤ ይህ በሰባት ቤት ውስጥ ነው! የዚያ ሰው ቤተ ሰዎች ስም የሚቈጥሩ ቢሆኑ ኖሮ፣ ያንን ቅንድበ ጐላ ምንዥላት በስሙ ጠርተው ባነሡት ነበር። ይሁን እንጂ የእርሱ ወገን ከኋለኞቹ የአውሮፓ ሕዝቦች ጋር አይገናኝም፤ ርስቱ ወራሽ አላገኘም።

አሁን ወደ አልታይ ተራሮች እንሻገር። በደቡብ ሳይቤርያ፣ በተራራ ወገብ ላይ፣ ዴኒሶቫ የሚባል ዋሻ አለ፤ በአካባቢው አፈ ታሪክ ስሙ የመጣው በ18ኛው መቶ ዓመት ዓለምን ንቆ በዚያ ከኖረው ዲዮናስዮስ ከተባለ መናኝ ነው። መናኙ የበረታበት ብርድ ለሊቃውንቱ በረከት ሆነ፤ ቀዝቃዛ ዋሻ ዲ.ኤን.ኤ.ን ይጠብቃልና። በ2008 ከዚያ የወጣ የትንሽ ጣት ጫፍ በ2010 ሲነበብ ኔአንደርታልም፣ እንደ እኛ ያለ ሰውም ሳይሆን ቀረ፤ አንድ ሕዝብ መልኩ ሳይታወቅ፣ በጣት ጫፍ ብቻ፣ ዴኒሶቫውያን ተብሎ ተሰየመ። የፓፑዋ ሰዎችና የፊሊፒንስ አንዳንድ ጐሣዎች ከዚህም ሕዝብ ርስት አላቸው።

በዚያ ዋሻ የሚገኘው ዐጥንት አብዛኛው ጅብ ያደቀቀውና ማንነቱ በዓይን የማይለይ ስብርባሪ ነው። ሳማንታ ብራውን የተባለች ተማሪ ከሁለት ሺህ ከሚበልጠው ስብርባሪ ከየአንዳንዱ ጥቂት እየወሰደች፣ ኮላጅን የሚባለውን የዐጥንት ፕሮቲን እየመዘነች፣ ይህ የፈረስ፣ ይህ የጎሽ፣ ይህ የማሞዝ እያለች ስትለይ ከሰው ወገን የሆነ አንድ ብቻ አገኘች። ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም፤ በመዳፍ ላይ ቢቀመጥ የተሰበረ የሸክላ ፍቅፋቂ ይመስላል፤ ከዐጥንቱ ግድግዳ ውፍረት ባለቤቱ ከ13 ዓመት ያላነሰች እንደ ነበረች ይገመታል፤ ከ90,000 ዓመት በፊት ኖራለች። ጽሑፏ በተነበበ ጊዜ፣ ሁለቱ ሕዝቦች በሚለያዩበት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ አንዱ ፊደል የኔአንደርታል፣ ሁለተኛው የዴኒሶቫ ሆኖ ተገኘ። ሊቃውንቱ ዱቄት ከዱቄት የተቀላቀለ መስሏቸው ደጋግመው መረመሩ፤ ነገሩ ግን ያው ነበር፤ እናቷ ኔአንደርታል፣ አባቷ ዴኒሶቫዊ፣ እርሷም የሁለቱ ልጅ። በ2018 ዜናው ሲታተም «ዴኒ» የሚል የቍልምጫ ስም ተሰጥቷት ነበር።

እዚህ ላይ የበቅሎዋን ነገር ልመልሰው። ፈረስና አህያ ቢዳቀሉ በቅሎ ይወልዳሉ፤ በቅሎ ግን መካን ናት፣ ነገሩም በእርሷ ያበቃል። የዴኒ አባት ግን ዴኒሶቫዊ ይባል እንጂ፣ በእርሱም ውስጥ በብዙ መቶ ትውልድ በፊት የገባ የኔአንደርታል ቍራሽ ተገኝቶበታል፤ ከዴኒ በፊት የነበሩ እንደ እርሷ ያሉ ልጆች አድገዋል፣ ተድረዋል፣ ወልደዋል ማለት ነው። በዚያው ዋሻ የተገኘች ሌላ የኔአንደርታል ሴት ደግሞ፣ ከእግር ጣቷ እንደ ተነበበው፣ ወላጆቿ በአንድ አባት ወይም በአንድ እናት እንደሚገናኙ እኅትና ወንድም ያህል የቀረቡ ነበሩ። የእኛ ሽማግሌዎች ሁለቱን ጋብቻዎች ቢያዩ የትኛውን ያፈርሱ እንደ ነበር መናገር አያሻም።

ከዚህ ሁሉ ውርስ ብዙው ጥቅምም ጕዳትም የሌለው ነው፤ ከጐጂውም አብዛኛው በትውልድ ብዛት ተጠርጎ ወጥቷል፤ ከጽሑፋችንም ውስጥ የኔአንደርታል ፊደል ፈጽሞ የማይገኝባቸው በረሓ የሚመስሉ ሰፋፊ ቦታዎች አሉ። የቀረው ግን አንዳንዱ ይሠራል። በ2020 የኮቪድ በሽታ ሲያይል፣ በ3ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ 50,000 ፊደል ያህል የሚረዝም የኔአንደርታል ቍራሽ ሕመሙን እንደሚያጸና ታወቀ፤ በደቡብ እስያ ግማሽ ያህሉ ሰው ይሸከመዋል፣ በአፍሪካ ግን የለም ለማለት ይቀርባል። የቲቤት ሰዎች በዚያ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ደማቸው ሳይወፍር እንዲኖሩ የሚያደርጋቸው ኢፓስ 1 በተባለው ዘረ መል ላይ ያለው ልዩነት ደግሞ ከዴኒሶቫውያን የመጣ ነው። በ1980 በዚያው በቲቤት አምባ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ዋሻ ሊጸልይ የገባ የቡድሃ መነኵሴ ያገኘው የመንጋጋ ዐጥንት፣ በ2019 በፕሮቲኑ ሲመረመር ቢያንስ 160,000 ዓመት የሞላው ዴኒሶቫዊ ሆነ። የመዝሙር ደራሲ፣ መናኝ፣ መነኵሴ፤ ይህ ታሪክ ለምን በጸሎት ሰዎች እጅ እንደሚያልፍ አላውቅም፤ ዋሻ ስለሚወዱ ይሆናል።

የእኛ የስሜን ደገኞችም በከፍታ ይኖራሉ። ሲንቲያ ቢል የተባለችው አሜሪካዊት ሊቅ በ2002 ባሳተመችው ጥናት ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምራ፣ ደማቸው በሜዳ እንደሚኖር ሰው ደም ሆኖ አግኝታዋለች፤ ይህም እንደ ቲቤቶቹ ሳይሆን በራሱ መንገድ የመጣ ነው። የዴኒሶቫ ርስት ወደዚህ አልደረሰም።

የኔአንደርታሉ ግን በዙሪያ ጥምጥም ደርሶናል። በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ በ2012 ከመቃብሩ የወጣው፣ «ባይራ» የሚል ስም የተሰጠው፣ የ4,500 ዓመት ሰው፣ ከጆሮው ውስጠኛ ዐጥንት በተወሰደ ዱቄት በ2015 ተነበበ፤ ከአፍሪካ ምድር ሙሉ ጽሑፉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው እርሱ ነው። የኖረውም ከምዕራብ እስያ የመጡ ሰዎች ወደ አገራችን ገብተው ከመጋባታቸው በፊት ስለ ሆነ፣ ያ ጋብቻ ምን እንዳመጣ በእርሱ ተለካ። ሊቃውንቱ መጀመሪያ ይህ የእስያ ዘር እስከ ምዕራብና ደቡብ አፍሪካ ዘልቋል ብለው ጽፈው ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን በኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ስሕተት እንደ ነበረ ራሳቸው አስታውቀው አረሙት፤ ብዙው ድርሻ በምሥራቅ አፍሪካ ሆኖ ቀረ። ዛሬ በኢትዮጵያ ሰው ደም ውስጥ ያለው ጥቂት የኔአንደርታል ቍራሽ የመጣው በዋነኛነት በእነዚያ እንግዶች ትከሻ ነው።

ባይራ የተናገረው የጋሞ ደጋ ብርድ ስለ ጠበቀው ነው። በአፋር በረሓ፣ በሄርቶ፣ እነ ብርሃነ አስፋውና ቲም ዋይት በ1997 ያገኟቸው፣ 160,000 ዓመት ያለፋቸው የእኛው ወገን የራስ ቅሎች ግን ዝም ብለዋል፤ ሙቀቱ የዲ.ኤን.ኤ.ውን ክር ከበላው ብዙ ዘመን ሆኖታል። አሁን ተስፋው በጥርስ ላይ ነው። የጥርስ መስተዋት ፕሮቲንን እንደ ታሸገ ጋን ይይዛልና፣ በ2025 ከደቡብ አፍሪካው ስዋርትክራንስ ዋሻ፣ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ያህል ከቈዩ የፓራንትሮፐስ፣ የአንድ ጥንታዊ የሰው ዘመድ፣ ጥርሶች ፕሮቲን ተነቦ፣ የትኛው ወንድ የትኛዋ ሴት እንደ ነበሩ እስከ መለየት ተደርሷል። ጥርስ ደግሞ በአፋር ሞልቷል።